ለክትትል የተቀጠሩ ታካሚዎች ለምን ይቀራሉ? ምን ላድርግ?

ጠያቂ (ነርስ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ደም ግፊትና ስኳር ክትትል ክፍል ነው። ጠዋት ካርዱ ወጥቶ ይጠብቃል፣ ባለካርዱ ግን አይመጣም። ከቀጠሮው በፊት አጭር መልእክት እንልካለን፤ ያም ሆኖ ብዙ ሰው ይቀራል። ባለፈው ሳምንት ከሦስት ወር በኋላ ብቅ ያሉ እናትን «ምነው ጠፉ?» ብላቸው አንገታቸውን ደፍተው ዝም አሉ። እንዲህ ላሳፍራቸው አልፈልግም ነበር። ምክንያቱን እንዴት ልወቅ?

መልስ (የስኳር ታካሚ)፦ እህቴ፣ የራሴን ልንገርሽ። እኔ የቀረሁት ረስቼ አይደለም። መድኃኒቴን አቋርጬ ስለነበር ስኳሬ ከፍ ብሎ እንደሚገኝ አውቅ ነበር፤ ቁጣውን ፈራሁ። አንዴ ከቀረሁ በኋላ ደግሞ መመለሱ ራሱ አሳፈረኝ። የመለሰችኝ አንዲት ነርስ ናት፤ ደውላ «ደህና ነዎት ወይ?» ብቻ አለችኝ። በማግስቱ ሄድኩ።

መልስ (ካርድ ክፍል የሠራሁ)፦ ሁሉም ታካሚ ለጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይቀጠርና እስከ ምሳ ወረፋ ይጠብቃል። በቀን ሥራ ለሚያድር ሰው ይህ የዕለት ገቢው ነው። ቀን ልቀይር ብሎ ሲደውል ደግሞ ስልኩን የሚያነሳለት የለም። ሰዓቱን ከፋፍላችሁ ቅጠሩ።

መልስ (ሐኪም)፦ ደም ግፊት ብዙውን ጊዜ ምልክት የለውም፤ ታካሚው «ድኛለሁ» ብሎ ይቀራል። ቀጠሮው በራቀ ቁጥርም የሚቀረው ይበዛል። መልእክቱን አትተዉት፣ ለረሳ ሰው በእርግጥ ይጠቅማል፤ ለፈራና ለተቸገረ ግን አይበቃም። አደራ የምልሽ፣ ደጋግሞ የቀረን ሰው ከመዝገብ አትሰርዙት። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ የስኮትላንድ ጥናት እንዳሳየው፣ ሥር የሰደደ ሕመም ኖሯቸው ቀጠሮ ደጋግመው የሚቀሩ ሰዎች ከማይቀሩት ይልቅ የመሞት አደጋቸው በጣም ከፍ ያለ ነው። መጀመሪያ ሊደወልለት የሚገባው እሱ ነው።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ለእናትየዋ «ደህና ነዎት?» ልል ደወልኩ። ያነሳው ልጃቸው ነው፤ ካርዱ ላይ ያለው የእሱ ስልክ ነው ለካ። ሩቅ ቦታ ነው የሚሠራው፤ መልእክቱ እሱ ጋ ሲደርስ ከርሟል፣ እሳቸው ጋ ግን አንድም ቀን አልደረሰም። የጎረቤታቸውን ቁጥር ሰጠኝ። ከነገ ጀምሮ ስልኩ የማን እንደሆነ ጠይቄ ካርዱ ላይ እጽፋለሁ።