ሲሞቅ አልነሳ ያለ ባለ ቱርቦ ሮታሪ፦ ላውርደው ወይስ?

ባለሦስትማዕዘን

ሰላም ጓዶች። 1993 ሞዴል ማዝዳ አርኤክስ-7 አለኝ፣ ኤፍዲ የሚባለው፣ ሞተሩ ባለ ሁለት ቱርቦው 13ቢ ሮታሪ ነው፤ በፒስተን ፈንታ ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተሮች የሚዞሩበት። ከገዛሁት ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ጠዋት ገና ቁልፍ ስነካ ይነሳል። ትንሽ ነድቼው ካቆምኩት በኋላ ግን ሞተሪኖው ይዞራል ይዞራል፣ ሞተሩ ወይ ፍንክች። ግማሽ ሰዓት ሲቀዘቅዝ ምንም እንዳልነበረ ይነሳል። ሰሞኑን ደግሞ ቆሞ ሲሠራ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፣ ጉልበቱም የለም።

የፒስተን ሞተር ሁለቴ አውርጄ አድሻለሁ፣ ሮታሪ ግን ከፍቼ አላውቅም። ቫልቭ የለው፣ ካምሻፍት የለው፣ እንዲያውም ከፒስተኑ ይቀላል የሚሉኝ አሉ። ሙሉ የሲል ኪት (ግፊትና ውሃ እንዳያመልጥ የሚዘጉት ዕቃዎች) ላዝ ስል እስቲ መጀመሪያ ልጠይቅ ብዬ ነው። የፋብሪካውን ሲል ልግዛ ወይስ ጠንካራ ብረት የሚሉትን? በሁለት ሳምንት እረፍትስ ያልቃል?

ሦስት_ምት

ኪቱን ለጊዜው ተወው። ኮምፕሬሽን ለካህ?

ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ወፍራም ስለሆነ ክፍተቱን ይደፍንልሃል። ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ግፊቱም ያመልጣል። ስለዚህ ምልክቱ የደከመ ሞተር ነው፤ ግን የደከመ ሞተሪኖና ባትሪም ይህንኑ ያደርጋሉ፣ ስንቱ ደህና ሞተሩን በከንቱ አውርዷል።

ለሮታሪ የተሠራ መለኪያ ከሌለህ የተለመደውን ተጠቀም። ውስጡ ያለችውን አየር የምትይዝ ቫልቭ አውጣት፣ አለዚያ የሚነግርህ ከሮተሩ ሦስት ፊቶች የተሻለውን ብቻ ነው። ሞተሩን አሙቅ፣ ቤንዚንና እሳት እንዳይሄድ አድርግ፣ የታችኛዋን ካንዴላ ፈተህ መለኪያውን ግጠም፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ ታች ረግጠህ ሞተሪኖውን አዙር። መርፌው በእያንዳንዱ ሮተር ላይ ሦስት ጊዜ እኩል መዝለል አለበት። ፋብሪካው በ 250 ዙር ሲለካ በአንድ ሮተር ፊቶች መካከል ያለው ልዩነት ከ 1.5 ኪሎ በካሬ ሴንቲሜትር እንዳይበልጥ፣ በሁለቱ ሮተሮች መካከል ደግሞ ከ 1 እንዳይበልጥ ይላል። መለኪያም ባይኖርህ ካንዴላዋን ፈተህ በጆሮህ ስማው፦ ፑፍ፣ ፑፍ፣ ፑፍ። ፑፍ፣ ፍስስ፣ ፍስስ ካለህ ተመለስና ንገረን።

የድሮ_መካኒክ

ከፒስተን ይቀላል ያሉህ ሰዎች መገጣጠሙን ነው ያዩት። እውነት ነው፣ ዕቃው ጥቂት ነው፤ ችግሩ ሮታሪ ይቅርታ አያውቅም። የተበላ ሲሊንደር ተቦርቡሮ ትልቅ ፒስተን ይገባበታል። የሮተር ሃውሲንግ (ሮተሩ የሚዞርበት ቤት) ግን ውስጡ አሉሚኒየም ላይ የተለበጠ ክሮም ነው፣ አይቦረቦርም። ክሮሙ ካንዴላው አካባቢና ጠርዙ ላይ ከተላጠ ያው ሌላ ሃውሲንግ ፍለጋ ነው። ጎንና ጎን ያሉት የብረት ሳህኖች ላይ የጎን ሲሎቹ እየተንሸራተቱ ደረጃ ይሠራሉ፤ በጥፍርህ ከዳሰስከው መለካት አለበት፣ ከ 0.1 ሚሊ ሜትር በላይ ከተበላ እንዲሁ አይመለስም። ይህን ሁሉ ሳትከፍት አታውቅም። ስለዚህ ኪቱን አስቀድመህ አትዘዝ፣ ሁለት ሳምንቱንም እርሳው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከፍት ሰው የሚወድቅባቸው ነገሮች አሉ። የቮላኖው ዳዶ 54 ሚሊ ሜትር ነው፣ በክንድህ ልፈታ ብትል ወገብህን ትሰብራለህ እንጂ አይንቀሳቀስም። እያንዳንዱን ሲል ከየት እንዳወጣኸው ጽፈህ ለብቻ አስቀምጥ። አዲሶቹ የጎን ሲሎች አንዳንዴ ረዘም ብለው ነው የሚመጡት፤ ከማዕዘኑ ሲል ጋር ከ 0.05 እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር ክፍተት እስኪቀር በሞረድ ቀስ እያልክ ታሳጥራቸዋለህ፣ አሥራ ሁለቱንም፣ አንድ በአንድ። የሰው ትዕግሥት የሚያልቀው እዚህ ነው። እኔ ቡና ሳልጠጣ አልጀምረውም። የውሃ ሲሎቹንና ትንንሾቹን ምንጮች ቦታቸው ላይ ለማቆየት ቫዝሊን ቀባቸው፣ ሲሞቅ ቀልጦ ይሄዳል።

ከሁሉም የከፋችው ግን ፊት ለፊት ያለችው የመርፌ ኩሽኔታ ናት። የፊቱን ቡሎን ስታላላ ዘንጉ ትንሽ ወደ ኋላ ከሸሸ ከመቀመጫዋ ትወርዳለች፣ አንተም ሳታውቅ መልሰህ ስታጠብቅ ትጨፈለቃለች። ሞተሩን አፍንጫውን ወደ ላይ አድርገህ ሥራ። ካጠበቅህ በኋላ የዘንጉን የወደ ፊትና የወደ ኋላ ልቅነት ለካ፣ ከ 0.04 እስከ 0.07 ሚሊ ሜትር ከሆነ እሰየው። ምንም ልቅነት ከሌለው ኩሽኔታዋ ተጨፍልቃለች፣ እንደገና ፍታ። እኔ አንድ ጊዜ ቸኩዬ ነገ አየዋለሁ ብዬ አስነሳሁት። ነገ አልደረሰም።

ካርቦን_አሉሚኒየም

ስለ አፔክስ ሲሉ (የሮተሩ ጫፍ ላይ ስላለው) እኔ ልመልስ። ጠንካራ ብረት የሚሉት ነዳጁ ያለ ጊዜው ሲፈነዳበት ከመሰበር ይልቅ ይጣመማል፣ ይህ ጥሩ ነው። ግን ክሮሙን ቶሎ ይበላል፣ ክሮም ደግሞ ከላይ እንደተባለው አይመለስም። የፋብሪካው በተቃራኒው ለሃውሲንጉ ይራራል፣ ሲመታ ግን ይሰበራል። ለመንገድ መኪና እኔ የፋብሪካውን ነው የምገጥመው።

በነገራችን ላይ ይህ ጣጣ ዛሬ የመጣ አይደለም። በ 1960ዎቹ የማዝዳ መሐንዲሶች ሲሉ እየተንቀጠቀጠ ሃውሲንጉን ሲቧጭረው ጭረቱን የሰይጣን ጥፍር ብለው ነበር የጠሩት። ለ 1967ቱ ኮስሞ ካርቦንና አሉሚኒየም የተቀላቀለበት ሲል ሠርተው ነው የተገላገሉት። ስሜንም ከዚያ ነው የወሰድኩት 😄

ባለሦስትማዕዘን

ለካሁ። የፊቱ ሮተር ሦስቱም እኩል። የኋላው ፑፍ፣ ፍስስ፣ ፍስስ። ሦስት_ምት አፍህ ሰይጣን ነው።

ሦስት_ምት

ይቅርታ ወንድሜ። አንድ አፔክስ ሲል በሁለት ፊቶች መካከል ስለሚቆም እሱ ሲሄድ ሁለቱም ይፈሳሉ። አንድ ፊት ብቻ ቢሆን የጎን ሲል ነው እል ነበር። በካርቦን ተጣብቆም ሊሆን ይችላል፣ ያንተ መንቀጥቀጥ ግን ስብራት ነው የሚመስለው። ካሁን በኋላ አታስነሳው።

እና ቱርቦውን አውርደህ እየው። ሮታሪ ላይ ቫልቭ ስለሌለ የተሰበረው ቁራጭ በጭስ መውጫው ቀጥታ ተርባይኑ ላይ ነው የሚያርፈው።

አሁን ዋናውን ጥያቄ ልጠይቅህ፦ ምን ሰበረው? ማርሚታው ላይ የተነካካ ነገር አለ? ቱርቦው ስንት ይገፋል?

ባለሦስትማዕዘን

የበፊቱ ባለቤት የጭስ ማጣሪያውን ካታሊስት አውጥቶ ቀጥ ያለ ቱቦ አድርጎበታል፣ ኮምፒውተሩንም አስነክቷል። ጌጁ ከ 6000 ዙር በላይ 1 ባር አካባቢ ይደርሳል። ኧረ ድምፁም ፍጥነቱም ደስ ይል ነበር፣ እኔ ጥሩ ነገር መስሎኝ…

የድሮ_መካኒክ

በል ገዳዩን አገኘኸው። ይህ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ የሚገፋው 0.7 ባር ገደማ ነው። ጭሱ ያለ ምንም እንቅፋት ሲወጣ ትርፍ ጭሱን የምታስወጣዋ የቱርቦው በር ስለምትጠብበት ግፊቱ አንተ ሳታዘው ይወጣል። ነዳጁ አልደርስ ሲል ድብልቁ ይሳሳል፣ ያለ ጊዜው ይፈነዳል፣ ሲሉ ይሰበራል። አዲስ ሲል ገጥመህ ቱቦውን እንደነበረ ብትተወው ከወር በኋላ እዚሁ ተመልሰህ ትጽፍልናለህ።

ስለዚህ ከሲል በፊት ይህን አስተካክል፦ በሩን አስፋ ወይም ጭሱን መልሰህ ጠበብ አድርገው፣ ኢንጀክተሮቹን አሳጥበህ ስንት እንደሚረጩ አስለካ፣ የቤንዚን ፖምፓውን ፈትሽ። ከቱርቦዎቹ ሥር ያሉት የቫኪዩም ቱቦዎች በሙቀት እንደ ደረቅ ማካሮኒ ሆነው ስለሚሰባበሩ ሞተሩ ወርዶ ሳለ ሁሉንም በሲሊኮን ቀይር። የራዲያተር ውሃ ከአየር የሚለይባት ፕላስቲክ ጋን ካልተቀየረች እሷንም። መሰንጠቅ ልማዷ ነው፣ ውሃ ካለቀ ደግሞ የውሃ ሲሉ ይቃጠላል።

ባለሦስትማዕዘን

ጋሼ አመሰግናለሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ተከፈተ። ሲሉ ሦስት ቦታ ተሰብሯል፣ ሁለቱን ቁራጭ ከሮተሩ ጉድጓድ ውስጥ አገኘሁ። የኋላው ሃውሲንግ በጥፍር የሚዳሰስ ጭረት አለው፣ አልቋል። የፊቱ ደህና ነው። የአንደኛው ቱርቦ ተርባይን ሁለት ምላስ ተነክሷል። ኪቱን ቀድሜ አለማዘዜ በጀኝ፣ ገንዘቡ ለሃውሲንጉና ለቱርቦው ሄደ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ሲነሳ ስንት ኪሎ ሜትር ቀስ ብዬ ልንዳው? ሦስተኛዋን ቁራጭ ደግሞ አጣኋት፣ ኢንተርኩለር ውስጥ ልፈልጋት?

ሦስት_ምት

የመጀመሪያውን 1500 ኪሎ ሜትር ቱርቦውን ሳትቀሰቅስ ንዳ። በ 10 ሊትር ቤንዚን ከ 50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ዘይት ቀላቅልበት፣ ከዚያም በኋላ ባታቆመው ይሻላል። ኢንተርኩለሩን ተወው፣ እሱ የአየር መግቢያው መንገድ ነው። ማርሚታውን ፈተህ አራግፈው፣ ስትንኳኳ ትሰማታለህ።