ከመጠን በላይ ለወፈረች ድመት የትኛው አገልግሎት፣ የትኛው መሣሪያ፣ የትኛው ምግብ ይሻላል?

ከመጠን በላይ ለወፈረች ድመት ምን ይገዛላት፣ ማንስ ዘንድ ትወሰድ ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው የተለመደ መልስ የአንድ ምግብ ስም ነው። በእኔ አስተያየት ግን ምግቡ በተራ ሦስተኛ ነው። ገንዘብ የሚባክነውም ሆነ ድመቷ የምትጎዳው፣ ብዙውን ጊዜ የተሳሳተ ምግብ በመመረጡ ሳይሆን ጤናዋ ሳይመረመርና የምትበላው መጠን ሳይለካ ነገሩ በመጀመሩ ነው። ስለዚህ አገልግሎቶቹንና ዕቃዎቹን ያነጻጸርኩት በሁለት መመዘኛዎች ነው፤ አንደኛው ድመቷ በቀን የምታገኘውን ካሎሪ በትክክል ለማወቅ ማስቻላቸው ሲሆን፣ ሁለተኛው ምግብ ወደ መተው እንዳትደርስ መጠበቃቸው ነው።

ሁለተኛው መመዘኛ የተጋነነ ጥንቃቄ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የወፈረች ድመት ለተከታታይ ቀናት ሳትበላ ስትቀር ሰውነቷ ያከማቸውን ስብ በብዛት እየለቀቀ ወደ ጉበቷ ይልካል፤ ጉበቷም የመጣበትን ሁሉ ለኃይል ማዋልም ሆነ መልሶ ወደ ደም ማስወጣት ስለማይችል ራሱ በስብ ይሞላል። ሐኪሞች ሄፓቲክ ሊፒዶሲስ የሚሉት ይህ ሕመም ፈጥኖ ካልታከመ ይገድላል፤ ሕክምናውም አብዛኛውን ጊዜ ድመቷን ለሳምንታት በቱቦ መመገብን ይጠይቃል። ስለዚህ የማትወደውን ምግብ አስቀምጦ «ሲርባት ትበላለች» ማለት ለድመት የሚሆን ዘዴ አይደለም። ወፍራም ድመት አንድ ሙሉ ቀን ምንም ሳትቀምስ ከዋለች ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል፤ ነገ ትበላ ይሆናል ብሎ ማሳደር አይገባም።

ከአገልግሎቶች መጀመሪያ የምጠቁመው የእንስሳት ሐኪም የሚያደርገውን ሙሉ ምርመራ ነው፤ ድመቷ ጤናማ ብትመስልም። ጥሩ ሐኪም ክብደቷን መዝኖ ብቻ አያሰናብትም። የጎድን አጥንቶቿን በእጁ ይዳስሳል፣ ወገቧን ከላይና ከጎን ያያል፣ ከ1 እስከ 9 በሚደርሰው የሰውነት ሁኔታ መለኪያም ነጥብ ይሰጣታል። በዚህ መለኪያ 5 ተገቢው ሲሆን ከዚያ በላይ ያለው እያንዳንዱ ነጥብ በግምት ከ10 እስከ 15 በመቶ ትርፍ ክብደትን ያመለክታል። ከዚህ ጎን ለጎን የጀርባዋንና የኋላ እግሮቿን ጡንቻ መዳሰሱን ልብ ይበሉ፤ በተለይ ያረጀች ድመት ሆዷ ወፍሮ ጡንቻዋ የሳሳ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ላለችው ድመት የሚወጣው ዕቅድም የተለየ ነው። የደም ምርመራም ቢጠየቁ አይሰስቱ። ውፍረት ድመትን ለስኳር በሽታ በእጅጉ ያጋልጣል፤ ሳይታወቅ የቆየ የኩላሊት ችግር ደግሞ የምግቡን ምርጫ ይለውጠዋል። ኢንሱሊን የምትወጋ ድመት ከሆነች፣ ምግቧ ሲቀንስ ወይም ሲቀየር የመድኃኒቷ መጠንም መስተካከል ስለሚኖርበት፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንዲት ፍሬ እንኳ መቀነስ የለበትም፤ አለዚያ የደም ስኳሯ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል።

በስልክ ወይም በኢንተርኔት የሚሰጥ ምክር ከዚህ ምርመራ በኋላ ለክትትል ጥሩ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን አይበቃም፤ በፎቶግራፍ የሚታየው ጸጉር እንጂ ሥሩ ያለው ስብ አይደለምና። አንዳንድ ክሊኒኮች የሠለጠነ ረዳት በየሁለት ሳምንቱ ድመቷን እየመዘነ የሚመዘግብበት የክብደት ክትትል አላቸው። ይህን አገልግሎት ካገኙ ከሁሉም አስቀድመው ይያዙት፤ ወራት ለሚፈጅ ሥራ የሚያስፈልገው በየጊዜው አይቶ «ትንሽ ጨምሩ» ወይም «ትንሽ ቀንሱ» የሚል ሰው ነውና። የቤት እንስሳት ምግብ ሻጭ የሚሰጠው ምክር ስለ ምግቡ ሊሆን ይችላል፤ ስለ ድመቷ ግን ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው ግዢ ሚዛን ነው። ለምን እንደሆነ ስሌቱ ራሱ ይናገራል። ድመት በእረፍት ላይ ሳለች በቀን የሚያስፈልጋት ኃይል የሚገመተው የኪሎ ግራም ክብደቷን ወደ 0.75 ኃይል ከፍ አድርጎ (በሒሳብ አጻጻፍ ክብደት^0.75) በ70 በማባዛት ነው፤ ለማክሳት ሲሆን ደግሞ የሚወሰደው አሁን ያላት ሳይሆን ተገቢው ክብደቷ ነው፤ ከሚገኘውም ውጤት ወደ 80 በመቶ ገደማ ይሰጣታል። ለምሳሌ 6 ኪሎ የምትመዝን፣ ተገቢ ክብደቷ ግን 4.5 ኪሎ የሆነች ድመት በቀን 173 ኪሎ ካሎሪ ያህል ትጀምራለች። በ100 ግራም 380 ኪሎ ካሎሪ ያለው ደረቅ ምግብ ቢሆን ይህ 45 ግራም ብቻ ነው። በስኒ ወይም በእፍኝ ሲሰፈር 10 ግራም መብለጥ ቀላል ስለሆነ፣ ያች ትርፍ ብቻ ከዕለት ድርሻዋ አንድ አምስተኛ በላይ ትሆናለች፤ ሰዎች «ቀንሼላት አልከሳ አለች» የሚሉትም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ አንድ ግራም የሚለይ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከተጠቀሱት ዕቃዎች ሁሉ የሚበልጥ ጥቅም አለው። ስሌቱ መነሻ ብቻ መሆኑን ግን አይርሱ፤ ከድመት ድመት ልዩነቱ ሰፊ በመሆኑ የተሰላው ቁጥር በሐኪሙ እየታየ ወደ ላይም ወደ ታችም ይሄዳል።

ድመቷን ራሷን ለመመዘን ደግሞ የሕፃናት ሚዛን ከመታጠቢያ ቤት ሚዛን ይበልጣል። ደኅና የሚባለው አካሄድ በሳምንት ከክብደቷ ከ0.5 እስከ 2 በመቶ መቀነስ ሲሆን፣ ይህ ለ6 ኪሎ ድመት ከ30 እስከ 120 ግራም ማለት ነው። ድመቷን አቅፎ ተመዝኖ የራስን ክብደት መቀነስ የሚለው ዘዴ በመቶ ግራም ብቻ የሚለይ ሚዛን ላይ ይህን ለውጥ አያሳይም። የሕፃናት ሚዛን ከሌለ በየጊዜው ያንኑ የክሊኒኩን ሚዛን መጠቀም ይሻላል።

አሁን ወደ ምግቡ። በገበያ ላይ ያለው ምርጫ ብዙ ቢመስልም ለዚህ ጉዳይ በተግባር የሚነጻጸሩት አራት መንገዶች ናቸው። የመጀመሪያው የለመደችውን ምግብ መጠኑን መቀነስ ነው። ርካሽና ቀላል ነው፤ ጥቂት ለወፈረች ድመትም ሊሠራ ይችላል። ችግሩ መደበኛ ምግብ የሚቀመመው ድመቷ ሙሉ ድርሻዋን እንደምትበላ ታስቦ መሆኑ ነው፤ ድርሻውን ብዙ ሲቀንሱት ከካሎሪው ጋር ፕሮቲኑ፣ ቪታሚኑና ታውሪኑም አብሮ ይቀንሳል። ድመት ያለ በቂ ታውሪን የልብ ጡንቻዋ ይደክማል፣ ዓይኗም ይጎዳል።

ሁለተኛው በማሸጊያው ላይ «ላይት» (ካሎሪው የቀነሰ) የሚል ጽሑፍ ያለበት ምግብ ነው። ይህን በግልጽ ለመናገር፣ በጣም ለወፈረች ድመት አልመክረውም። የአሜሪካ የመኖ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣናት ማኅበር በሚከተለው ደንብ መሠረት ደረቅ የድመት ምግብ «ላይት» ለመባል በኪሎ ግራም ከ3,250 ኪሎ ካሎሪ መብለጥ የለበትም። ገደቡ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የሚነካው የምግቡን ካሎሪ እንጂ ሳህኑ ቀኑን ሙሉ ተሞልቶ መዋሉን አይደለም። ስሙን አምኖ ሳይለኩ ማቅረብ ደግሞ ባለቤቶች በቀላሉ የሚገቡበት ወጥመድ ነው።

ሦስተኛው በሐኪም ክትትል እንዲሰጥ የተዘጋጀ የማክሻ ምግብ ነው፤ ከተገቢው ክብደት ብዙ ለራቀች ድመት የምመርጠው ይህንን ነው። የሂልስ ሜታቦሊክ፣ የሮያል ካኒን ሳታይቲ እና የፕዩሪና ኦኤም በስፋት የሚታወቁት ናቸው። የጋራ ጠባያቸው ካሎሪያቸው ሲቀነስ ፕሮቲናቸውና ሌላው ንጥረ ነገራቸው እንዳይጎድል ተደርገው መቀመማቸው ነው። ሳታይቲ በአሰር ብዛት ሆድን በመሙላት ላይ ሲያተኩር ኦኤም ፕሮቲኑን ከፍ፣ ካርቦሃይድሬቱን ዝቅ ያደርጋል። ስለዚህ ከሳህኗ የማትለይና ሁልጊዜ የምትለምን ድመት በሳታይቲ፣ ጡንቻዋ የሚያሰጋት ድመት በኦኤም ብትሞከር ያስኬዳል እላለሁ። አሰር የበዛበት ምግብ ዓይነ ምድሯን እንደሚያበዛው አስቀድመው ይወቁ። የሽንት ጠጠር ታሪክ ያላት ድመት ከሆነች ደግሞ የምግቡ ምርጫ ያንንም ማገናዘብ ስላለበት ለሐኪሙ ይንገሩ።

አራተኛው የታሸገ እርጥብ ምግብ ነው፤ ድመቷ እስከተቀበለችው ድረስ በብዙዎች የሚገባውን ያህል ያልተመሰገነ አማራጭ ነው። ከክብደቱ ሦስት አራተኛ የሚበልጠው ውኃ ስለሆነ በ100 ግራም ውስጥ የሚገኘው በአብዛኛው ከ70 እስከ 110 ኪሎ ካሎሪ ነው። ያች 173 ኪሎ ካሎሪ የተፈቀደላት ድመት ከደረቁ 45 ግራም ብቻ ስታገኝ ከእርጥቡ 200 ግራም ገደማ ትበላለች። ለሚራብ ሆድ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ ውኃውም ለሽንት ቧንቧዋ ይጠቅማል። ጉድለቱ ከተከፈተ በኋላ ለረጅም ሰዓት ሳህን ላይ መዋል አለመቻሉና ደረቅ ብቻ በልታ ያደገች ድመት አልቀበልም ማለቷ ነው። በየትኛውም አቅጣጫ ቢሆን ለውጡ ከ7 እስከ 10 ቀን፣ ለመራጯ ድመት ደግሞ ከዚያም በላይ ተወስዶ፣ አዲሱን ከአሮጌው ጋር በትንሽ በትንሹ እየቀላቀሉ መደረግ አለበት። በቤት የሚቀቀል ሥጋ ብቻውን የተሟላ ምግብ ስላልሆነ በንጽጽሩ ውስጥ አላስገባሁትም።

የመመገቢያ መሣሪያዎችን በሚመለከት መልሱ የሚወሰነው በቤቱ ውስጥ ባሉት ድመቶች ቁጥር ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ ካሉ፣ እንደ ሹርፊድ ያለው፣ ከቆዳዋ ሥር ያለውን ማይክሮቺፕ አንብቦ ለተመዘገበችው ድመት ብቻ ክዳኑን የሚከፍተው ሳህን ዋጋውን ያወጣል፤ ሌላ መንገድ በሌለበት የአንዷን ድርሻ ከሌላዋ አፍ የሚያድነው እሱ ነው። ሆኖም ደፋሯ ድመት ከኋላ አንገቷን አስገብታ ልትሻማ ስለምትችል ሳህኑን ጥግ ማስያዝ ወይም የኋላ መከለያ መጨመር ይበጃል። አንዲት ድመት ብቻ ላለው ሰው ግን ይህ ትርፍ ወጪ ነው፤ ለእሱ በሰዓት የሚከፈት መመገቢያ ይበቃዋል። የዚህኛው ትልቁ ጥቅም ንጋት ላይ የሚመጣውን ልመና ከሰው ወደ ማሽኑ ማዞሩ ነው፤ ልመናውን መቋቋም ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከሥራው ሁሉ ይከብዳል። ደረቅ ምግብ እየሰፈረ የሚያፈሰውን ዓይነት የሚገዛ ሰው የሚያወጣውን መጠን በሚዛን ደጋግሞ ይፈትሽ፤ የፍሬው መጠን ሲለያይ አሰፋፈሩም ይለያያል። እየገፋችና እየቧጠጠች ምግብ የምታወጣባቸው መጫወቻዎች የምትበላበትን ፍጥነት ስለሚቀንሱና ስለሚያንቀሳቅሷት ጥሩ ተጨማሪ ናቸው፤ በውስጣቸው የሚገባው ግን ከተመዘነው የዕለት ድርሻዋ ላይ ተቀንሶ ይሁን።

ጫፉ ላይ ላባ የተንጠለጠለበት ዘንግ ጡንቻዋን ለመጠበቅና ቀኗን ለመሙላት ይረዳል። ነገር ግን ድመትን በጨዋታ ብቻ ማክሳት አይቻልም። ክብደት ይቀንሳሉ ተብለው የሚሸጡ ማሟያዎችን በተመለከተ ገንዘብዎን ለሚዛኑ ያስቀምጡ። ለሰው ወይም ለውሻ የተሠራ የማክሻ መድኃኒት ደግሞ ፈጽሞ አይሰጥም፤ በ2007 በአሜሪካ ለውሾች የተፈቀደው ስሌንትሮል እንኳ ድመቶችን ከላይ ለተጠቀሰው የጉበት ሕመም ስለሚያጋልጥ ለእነርሱ እንዳይሰጥ ማስጠንቀቂያ ነበረው።

ከተጀመረ በኋላ ክብደቷ በሳምንት ከ2 በመቶ በላይ ከወረደ ምግቡን መጨመር፣ ለአንድ ወር ንቅንቅ ካላለ ደግሞ አስቀድሞ ከጎረቤት፣ ከልጆች እጅ ወይም ከሌላ ሳህን የምታገኘው ነገር እንዳለ ማጣራት፣ ከዚያ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ያስፈልጋል። ጣፋጭ ቁርስራሽ ሁሉ ተደምሮ ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ መብለጥ የለበትም። ከተገቢው ክብደት ስትደርስ ወደ ቀድሞው መጠን አትመለስም፤ ከስታ የምትኖር ድመት ቀድሞ ከምትበላው ያነሰ ስለሚበቃት ድርሻዋ በ10 በመቶ ገደማ ከፍ እየተደረገ፣ ክብደቷ ባለበት እስኪጸና ድረስ በየሁለት ሳምንቱ፣ ከዚያ በኋላ በየወሩ ትመዘን።