ከሰበታ እስከ አዳማ የሚመላለስ ቀላል የሰው ባቡር ይገዛ ወይስ አይገዛ?

የለቡ ነዋሪ፦ ከሰበታ አዳማ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥንድ ሐዲድ ተዘርግቷል፤ የኤሌክትሪክ ሽቦውም ከላዩ አለ። የጅቡቲው መስመር በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ዋና ሥራው ጭነት ነው። የሰው ባቡሩም የሩቅ መንገደኛን ታስቦ የተሠራ ነው። እኔ የምለው፣ ሎኮሞቲቭ (ፉርጎ የሚጎትት የሞተር መኪና) የማያስፈልገው፣ ሞተሩ ከፉርጎው ሥር የሆነ ባለ ሁለት ፉርጎ ባቡር ተገዝቶ ጠዋትና ማታ ይመላለስልን። ምን ትላላችሁ?

እናት ከእንዶዴ፦ እደግፋለሁ። ጠዋት አባዱላ ለመያዝ ያለውን ግፊያ የቀመሰ ያውቀዋል። ታሪፉ እንደ ሰልፉ ርዝመት ይጨምራል፣ ሦስት ሰው በሚይዝ ወንበር አራት ይጠቀጠቃል፣ ልጅ የታቀፈች ሴት መጨረሻ ላይ ትቀራለች። ኮንቴይነር በደጃችን ሲያልፍ እኛ ቆመን እናያለን። ሰው ከዕቃ ያንሳል እንዴ?

የቃሊቲ ተመላላሽ፦ እኔ አልደግፍም። የከተማው ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 41 ባቡር ነበረው። ስንቱ በመለዋወጫ እጦት እንደቆመ ሁላችንም አይተናል። የአዳማው ፈጣን መንገድ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ በዚያው የውጭ ምንዛሪ አውቶቡስ ይገዛበት። አውቶቡስ ቢበላሽ የሚጠግነው ጋራዥ በየሰፈሩ አለ።

የቀድሞ የለገሃር ሠራተኛ፦ ልጄ፣ የመለዋወጫው ነገር እውነት ነው። ግን ሐሳቡን ከነጭራሹ አትጣለው። በድሮው መስመር ሊቶሪና ነበረች፣ ሞተሯን በሆዷ የያዘች የፊያት ሥራ፤ ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ የምትታወቅ። የድሬዳዋ ወርክሾፕ ቶርኖ ላይ ዕቃ የሚቀርጹ እጀ ወርቅ ባለሙያዎች ነበሩት፤ የሚያስፈልገን እንዲያ ያለ ቤት ነው። ድሮ ሐዲዱ የ1 ሜትር ስፋት ነበረው፣ የአሁኑ 1.435 ነው፤ ስለዚህ አሮጌውን እናድስ የምትሉ ካላችሁ አይሆንም።

የሲግናል ባለሙያ፣ ሰበታ፦ ክብደቱ ላይ ቆም እንበል። በብዙ አገር ሲግናል፣ ማለት ባቡሮች እንዳይጋጩ የሚያስቆመው መብራት፣ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ በሁለቱ የብረት ሐዲዶች ደካማ ኤሌክትሪክ ይላካል፣ ባቡሩ ሲመጣ የብረት ጎማውና ጎማዎቹን የሚያያይዘው አክሱ ሁለቱን ያገናኛቸዋል፣ መብራቱም ቀይ ይሆናል። ሐዲዱ ዝጎ ወይም ቆሽሾ ባቡሩም ቀላል ከሆነ ግን ግንኙነቱ ይሳሳል፤ ሲግናሉ ባቡሩን ላያየው ይችላል። ከኋላው በሺህ ቶን የሚቆጠር ጭነት እየመጣ ይህ የሚያስተኛ ነገር አይደለም። እንግሊዞች በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአውቶቡስ ቦዲ በአራት ጎማ ላይ አስቀምጠው ፔሰር የሚባል ባቡር ለገጠር መስመሮቻቸው ሠሩ። ርካሽ ነበር፤ አንዳንዱን መስመር ከመዘጋት አድኗል የሚሉም አሉ። ግን ተሳፋሪውን ያንገጫግጭ ነበር፤ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ጨርሶ ከአገልግሎት ወጣ። ስለዚህ ግዢውን ባልቃወምም ጨረታው ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ግጭት የሚቋቋም አካል፣ በዚሁ ሐዲድ ላይ የሲግናል ሙከራ፣ መለዋወጫና የጥገና ሥልጠና በዋናው ውል ውስጥ። ናፍጣ የሚበላም አይምጣ፤ 25 ኪሎ ቮልት ሽቦ ከላያችን ተዘርግቶ ሳለ።

የቢሾፍቱ ነዋሪ፦ ሁላችሁም ጣቢያውን ረሳችሁት። ከከተማው ወጣ ብሎ ነው ያለው። ከጣቢያ እስከ ቤት ለባጃጅ የምከፍለው ተደምሮ ከአባዱላው ከበለጠብኝ ምን አተረፍኩ? ባቡሩ ሲደርስ የሚጠብቅ ሚኒባስ ካልተመደበ ግዢው ከንቱ ነው።

የለቡ ነዋሪ፦ ይህን እቀበላለሁ፤ ትኬቱም የሚኒባሱን ይጨምር። ግዢ ሳይፈጸም ያሉትን ፉርጎዎች አሳጥሮ በሎኮሞቲቭ ለጥቂት ወራት ቢሞከርስ?

የሲግናል ባለሙያ፣ ሰበታ፦ ይቻላል። ግን ሎኮሞቲቩ መጨረሻው ጣቢያ ላይ ተፈትቶ፣ ዞሮ በሌላኛው ጫፍ መቀጠል አለበት፤ ጠዋት ላይ ይህ ጊዜ ይበላል። ራሱን የሚነዳው ባቡር በሁለቱም ጫፍ የሹፌር ክፍል ስላለው ሹፌሩ ብቻ ይዞራል። ሙከራው ሰው መኖሩን ያሳየናል፣ ፍጥነቱን ግን አያሳየንም።

እናት ከእንዶዴ፦ ይሞከር። ብቻ ባቡሩ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ለቡ ይግባ፤ 4 ሰዓት ላይ አስነስታችሁ ተሳፋሪ የለም እንዳትሉን።