ድሬ ላይ የተጎዳ ውሻ ለያዛችሁ፦ ሐኪሙ፣ መድኃኒቱ፣ ምግቡ (ጥቆማ)

«መኪና የገጨው ውሻ በራችን ላይ ወድቋል፤ ወዴት ልውሰደው? ምንስ ልግዛለት?» የሚል ጥያቄ እየተደጋገመ ነው። ከደንገጎ የሚወርዱት የጫት መኪኖች እንደዚያ እስከበረሩ ድረስም አይቀርም። የምኖረው ድሬ ዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው። ግቢዬ ሰፋ ስለሚል የተሰበረ፣ የቆሰለ፣ በእከክ ጠጉሩ ያለቀ ውሻ ድኖ ባለቤት እስኪያገኝ እኔ ጋ ይቆያል። ለእያንዳንዱ ሰው በቁርጥራጭ ከምመልስ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው።

አቋሜን ከፊት ልናገር፦ ብራችሁን ውሻውን በእጁ ዳስሶ ለሚያይ ሐኪም አውጡት፤ ዕቃውን ከቤታችሁና ከቀፊራ ገበያ አሟሉት። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ማንም ሳያየው ከመድኃኒት ቤት መርፌና ኪኒን ይሸምታል፣ ውሻው ሲብስበት ሐኪም ፍለጋ ይሮጣል፣ ያኔ ደግሞ ብሩ አልቋል። ዋጋ አልጠቅስም፤ ዛሬ የጻፍኩት ለሚቀጥለው ወር አይሠራም።

ሐኪም የት?

ርካሹ የመንግሥት የእንስሳት ክሊኒክ ነው። «እነሱ የሚያውቁት ፍየልና ግመል ነው» ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው፣ ውሻ ይዞ የሚመጣ ሰው ጥቂት ነው። ግን የፍየል እግር ያሰረ እጅ የውሻም ያስራል። ቁስል ለማጠብና ለመስፋት፣ ቀላል ስብራት ለማሰር፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለመስጠት ከማንም አያንሱም። ጠዋት በጊዜ ሂዱ፤ ረፋዱ ላይ ሙቀቱም ወረፋውም ይብሳል።

ቤት ድረስ የሚመጣ የግል ሐኪም ጥቅሙ ውሻው አለመንገላታቱ ነው። ዳሌው ለተሰበረ ውሻ ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። የምመርጥበት መለኪያ አንድ ነው፦ ድዱን ገልጦ፣ ሆዱን ዳብሶ፣ ሙቀቱን ለክቶ ነው የሚጀምረው ወይስ ገና ከበር ሲገባ መርፌ እየሞላ? ሁለተኛውን ዓይነት አመስግናችሁ ሸኙት። የሰጠውን መድኃኒት ስም፣ መጠንና ቀን በወረቀት ያስፍርላችሁ። ቀጥሎ የሚያየው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

ሦስተኛው ሐረማያ ነው። ዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፣ ተማሪዎቹ የሚለማመዱበት ክሊኒክም አለ። ከድሬ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ ነው። መምህሩ ለተማሪዎቹ እያስረዳ ስለሚያይ ምርመራው ረጅም ነው፤ ለአንዳንዱ ይሰለቻል፣ ለእኔ ግን ትልቁ ጥቅሙ እሱ ነው። አጥንቱ ቆዳ ቀዶ ለወጣ፣ እግሩ መቆረጥ ሊኖርበት ለሚችል፣ ሆዱ ውስጥ ደም ይፈሳል ተብሎ ለተጠረጠረ ውሻ ከሦስቱ እሱን እመርጣለሁ። ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ ማን እንዳለና ራጁ እየሠራ መሆኑን አረጋግጡ። ደግሞ ብርድ ልብስ ያዙ። ድሬ 1,200 ሜትር ላይ ናት፣ ሐረማያ ወደ 2,000 ይጠጋል፤ ደም የፈሰሰው ውሻ ከእኛ ሙቀት ወጥቶ እዚያ ሲደርስ ይንቀጠቀጣል። በደንገጎ ጠመዝማዛ ላይ እንዳይንከባለል በጣውላ ላይ አስተኝታችሁ በነጠላ ሸብ አድርጉት።

ወጌሻስ? ብላችሁ ጠይቃችኋል። የወለቀ መገጣጠሚያ በመመለስ የተካኑ አሉ፣ አልክድም። ስብራት ላይ ግን አልመክርም። ሸምበቆውን አጥብቀው ሲያስሩት ደም መሄጃ ያጣል፣ ውሻ ደግሞ «ጠበቀኝ» አይልም። ማንም ይሰረው ማን፣ ጄሶም ይሁን ፋሻ፣ ጣቶቹን በየቀኑ ንኩ። ካበጡ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከሸተቱ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ይፈታ።

ቸኩላችሁ ሐኪም ማግኘት እንዳለባችሁ በምን ታውቃላችሁ? ድዱን ተመልከቱ። ነጭ ከሆነ፣ ወይም በጣት ተጭናችሁ ስትለቁት ቅላቱ ለመመለስ ከ2 ሰከንድ በላይ ከፈጀ፣ የሆነ ቦታ ደም እየፈሰሰው ነው ወይም ሰውነቱ እየተዳከመ ነው። ከግጭቱ በኋላ ቀኑን ሙሉ ካልሸናም አትጠብቁ፤ ፊኛው ተቀዶ ሊሆን ይችላል። የኋላ እግሮቹ ለማይንቀሳቀሱ ደግሞ ጣቱን ቆንጠጥ አድርጉ። እግሩን መሰብሰቡ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፣ እሱ ከአንጎል ትእዛዝ ውጪ የሚሆን ነገር ነው። ዞሮ ካያችሁ ወይም ከጮኸ ግን ስሜቱ አለ፣ ተስፋም አለ። የዳሌ ስብራት ሲባል የሚደነግጥ ብዙ ነው፤ ብዙዎቹ ያለ ቀዶ ጥገና፣ ጠባብ ቦታ ላይ ለስድስት ሳምንት ያህል በማረፍ ብቻ ይድናሉ።

ማጓጓዣ

ባጃጅ። ግን ሹፌሩን አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በድብቅ አታስገቡ። ብዙዎቹ ሹፌሮቻችን ሙስሊሞች ናቸው፤ በሻፊዒ መዝሀብ (ከእስልምና የሕግ መንገዶች አንዱ ነው) የውሻ ምራቅ የነካው ነገር አንዱ በአፈር ሆኖ ሰባት ጊዜ ይታጠባል። ያንን ሁሉ ጣጣ ሳያውቀው ማሸከም ነውር ነው። ውሻውን በካርቶን ውስጥ አድርጉ፣ ከሥሩ ላስቲክ አንጥፉ፣ የማጠቢያ ጨምራችሁ ክፈሉ። በዚህ መንገድ «አቦ፣ ጫነው!» ብሎ ካርቶኑን ራሱ የሚያነሳላችሁ ታገኛላችሁ።

አፉን ለማሰር ፋሻ ይበቃል፦ አፍንጫው ላይ አንድ ዙር፣ ከአገጩ ሥር አቋርጦ ከጆሮው ኋላ መቋጠር። የምታነሱበት ጊዜ ብቻ ይታሰር። ውሻ ሙቀት የሚያስወጣው በማለክለክ ስለሆነ በእኛ ፀሐይ አፉን አስሮ ማቆየት ሊገድለው ይችላል። የሚያስታውክና መተንፈስ የቸገረው ጨርሶ አይታሰርም።

መድኃኒት፦ የትኛው ከየትኛው?

ለማጠቢያ ከሁሉም የሚበልጠው ኖርማል ሳላይን ነው። ካጣችሁ አንድ ሊትር ውኃ አፍልታችሁ 9 ግራም ጨው ጨምሩበትና ይቀዝቅዝ። ፖቪዶን አዮዲን (ቤታዲን የምትሉት) ጥሩ ነው፣ ግን እንዳለ አታፍስሱት፤ ቀጭን ሻይ እስኪመስል በውኃ ይቅጠን። አልኮልና ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ክፍት ቁስል ላይ አይድረሱ፣ እያገገመ ያለውን ሥጋ ያቃጥላሉ። ጄንሽን ቫዮሌት ርካሽ ነው፣ ግን ሁሉን ሐምራዊ ስለሚያደርገው ከሥሩ ቁስሉ ይቅላ ይጥቆር አይታይም። ከእንስሳት መድኃኒት ቤት የሚገኘው ሰማያዊ የኦክሲቴትራሳይክሊን ስፕሬይ ለጫፍ ጫፉ ይሆናል፣ ለጥልቅ ቁስል አይሆንም። ታጥቦ ለጸዳ ክፍት ቁስል ማር መቀባት የቆየ ዘዴ ነው፣ ይሠራል፤ ስኳር ያልገባበት ከተገኘ። ቀባችሁት ማለት ግን በፋሻ ትሸፍኑታላችሁ፣ አለዚያ ውሻው ይበላዋል፣ የቀረውን ዝንብ ይጨርሰዋል።

ስለ ዝንብ ካነሳን፦ ድሬ ላይ ያልተሸፈነ ቁስል በአንድ ቀን ትል ሊያወጣ ይችላል። ትሉን በወረንጦ አንድ በአንድ ልቀሙ፣ እጠቡ፣ ሐኪሙን ጥሩ። ዲያዚኖን ቁስል ላይ የሚያፈስሱ ሰዎች አሉ። እባካችሁ! ለመዥገር ማጥፊያ የተሠራ መርዝ ነው፣ በቁስሉ በኩል ወደ ደሙ ይገባል።

ለሕመም ማስታገሻ ዲክሎፌናክም፣ አይቡፕሮፌንም፣ ፓራሲታሞልም ከቤት መሳቢያ አይሰጥም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጨጓራውን ያደሙታል፣ ኩላሊቱን ይጎዳሉ፤ ሦስተኛው ጉበቱን። ሐኪሙ ለውሻ የሚሆነውን ያዛል።

ለእከክ አይቨርሜክቲን ከየእንስሳት መድኃኒት ቤቱ ይሸጣል፣ ይሠራልም። የሚገኘው ግን ለከብትና ለፍየል የተሠራው 1% መርፌ ነው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ለ10 ኪሎ ውሻ የሚበቃው የአንድ ሚሊ ሊትር ጥቂት ክፍልፋይ ስለሆነ በዓይን ገምቶ መሙላት አይቻልም። ውሻውን አስመዝኑ፣ ሐኪሙ ይለካ።

አንድ የሚሳሳቱበት ነገር ልጨምር። ከብልቱ ደም የሚንጠባጠብ የጎዳና ውሻ ሁልጊዜ የተመታ አይደለም። በግንኙነት የሚተላለፍ ዕጢ አለ፣ አበባ ጎመን የመሰለ፣ ሲነኩት የሚደማ። ማስፈራቱን ያህል ክፉ አይደለም፤ ቪንክሪስቲን የተባለው መርፌ በሳምንት አንዴ ለተወሰኑ ሳምንታት ሲሰጠው አብዛኛው ይጠፋል። መድኃኒቱ የሰው ካንሰር መድኃኒት ስለሆነ የሚወጋው ሐኪም ብቻ ነው። ሽንቱንና ሰገራውን በጓንት አንሱ፤ ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ደግሞ ሌላ ማቆያ ይፈለግለት።

ምግብ

ከውጭ የሚገባው ደረቅ የውሻ ምግብ ምቹ ነው፣ ግን ለአንድ ውሻ በምታወጡት ሦስት ውሻ ማብላት ይቻላል። እኔ ሩዝ ከሥጋ ቤት ቅንጥብጣቢ ጋር እቀቅላለሁ። የግመል ሥጋ ቅንጥብጣቢ ካገኛችሁ ስቡ አነስተኛ ስለሆነ ለታመመ ሆድ ይስማማል። ሳንባና ጉበት ርካሽ ነው፣ ጥሬውን ግን በፍጹም አትስጡ። ውኃ የቋጠረ ከረጢት ያለበት ሳንባ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። እሱን ጥሬ የበላ ውሻ ትንሽ የኮሶ ዓይነት ትል ያበቅላል፣ እንቁላሉ በሰገራው ወጥቶ ወደ ልጆቻችሁ ጉበት ይሄዳል። በደንብ ይቀቀል። ለዚህ ትል አልቤንዳዞል ብቻውን አይተማመኑበትም፤ ለቢልሃርዚያ የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል ነው የሚሻለው፣ መጠኑን ሐኪም ይንገራችሁ። የወጥ ትራፊ ሽንኩርት ስላለበት አይሆንም፣ የተቀቀለ አጥንትም ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። አጥንቱ የሚቆጠር ከሲታ ውሻ ደግሞ አሳዝኗችሁ አንዴ አታጥግቡት። ትንሽ ትንሽ፣ በቀን አራት አምስት ጊዜ።

መኝታና ዕቃ

ሰሌንና ጆንያ ከቀፊራ፣ አንሶላና ትንሽ የቁም ማራገቢያ ከታይዋን ገበያ። የፍሪጅ ካርቶን ጎኑ ተቀዶ ጥሩ ማረፊያ ይሆናል። ቁስሉን እንዳይልስ አንገቱ ላይ የሚጠለቀው ነገር ከፕላስቲክ ባልዲ ይሠራል፦ ቂጡን ቆርጣችሁ ጠርዙን በጨርቅ ለብጡ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ከቀትር በፊት ጆንያውን በውኃ ነክራችሁ አንጥፉለት። ምላሱ ጠቆር ያለ ቀይ ሲሆን፣ መቆም ሲያቅተው፣ ቀዝቀዝ ያለ ውኃ ሆዱና ብብቱ ላይ አፍስሱና አራግቡት፤ በረዶ አይደለም።

«ሐረር ነኝ፣ ማታ በረንዳ ላይ ላሳድረው?» ላልሽው እህቴ፦ አይሆንም። ጅቡ በጀጎል ግንብ ቀዳዳ ገብቶ ሰፈር የሚዞርበት ከተማ ላይ ነሽ፤ ጄሶ ያለው ውሻ መሮጥ አይችልም። ማዕድ ቤትም ቢሆን የሚዘጋ በር ያለው ቦታ ፈልጊ።

እብድ ውሻ በሽታ

ይኼን ቸል የሚል ውሻ አይያዝ። ድምፁ የተቀየረ፣ ለሃጩ የሚዝረከረክ፣ መዋጥ ያቃተው ውሻ ስታዩ «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ አታስገቡ፤ በሽታው ብዙ ጊዜ የሚመስለው እንደዚያ ነው። ከተነከሳችሁ ወይም ምራቁ ቁስላችሁን ከነካ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ውሻው 10 ቀን ይጠበቃል፣ ክትባቱን መጀመር ግን አስሩን ቀን አይጠብቅም። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። በተደጋጋሚ ውሻ የምትይዙ ሰዎች ደግሞ አስቀድሞ የሚሰጠውን ክትባት ጠይቁ።

ወሳጅ ማግኘት

እዚህ ላይ ጋሼ የጠየቁኝን ልመልስ። «የሐበሻ ውሻ ማን ይወስዳል፣ ሁሉም ፈረንጅ ውሻ ነው የሚፈልገው» ብለዋል። ግቢ ውስጥ የሚጫወት ቡችላ የሚፈልግ እውነት ነው እንደዚያ ይላል። ጥሩ ወሳጆች ያገኘሁት ግን መጋዘን፣ ጋራዥና የፍየል በረት ካላቸው ሰዎች ነው። ለጥበቃ የሚያዝ ውሻ በእስልምናም የተፈቀደ ስለሆነ ሙስሊም ቤተሰብም ይወስዳል፣ ውጪ ጥላና ውኃ ያዘጋጅለታል፣ በደንብ ያበላዋል። የምጠይቀው፦ ቀን ይፈታል ወይስ ሁልጊዜ ሰንሰለት ላይ ነው? ጥላው የት ነው? በዓመቱ ማን ያስከትበዋል? የመጨረሻውን ሲሰሙ ዝም ካሉ እኔም ውሻውን አልሰጥም።

ሳይከተብ አታስረክቡ፣ ሴት ከሆነች ሳትመክን አታስረክቡ። ቀይ የአንገት ማሰሪያ አስሩላት፤ መንገድ ላይ ባለቤት እንዳላት የሚታወቀው በዚያ ነው።

የቀረኝ አንድ ነገር አለ። የኋላ እግሯ የማይሠራ ውሻ አለችኝ፣ ስሜት የላትም፣ ግን ፊቷ ሕያው ነው፣ ምግቧንም አትተውም። በፕላስቲክ ቱቦና በሁለት ትንንሽ ጎማ ጋሪ ሊሠራላት ይችላል። ሳቢያንም ይሁን ገንደ ቆሬ፣ ለክቶ የሚሠራ ብረት ሠራተኛ ወይም የቧንቧ ባለሙያ የምታውቁ ጠቁሙኝ። ከመሬት እስከ ሆዷ ያለውን፣ የደረቷን ዙሪያና የወገቧን ስፋት ለክቼ አስቀምጫለሁ።