የቺካጎውን የጥቁሮች የኮሜዲ ክበብ ያዘጋው ምንድን ነው?

ትዕግሥት፦ ሬይመንድ ላምበርት የፋይናንስ ሥራውን ትቶ ከአጋሮቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1991 በደቡብ ዋባሽ ጎዳና «ኦል ጆክስ አሳይድ» የተባለውን የኮሜዲ ክበብ ከፈተ። እነ በርኒ ማክ፣ ስቲቭ ሃርቪ፣ ሞኒክ፣ ጄሚ ፎክስ፣ ዴቭ ሻፔል፣ ታዋቂዎቹ ጥቁር ኮሜዲያን ሁሉም በዚያ መድረክ ቆመዋል። እንዲህ ያለ ቤት አሥር ዓመት ገደማ ቆይቶ ተዘጋ። ገበያው ጣለው የሚሉ አሉ፤ አልቀበልም። ቱሪስትና ገንዘብ ወደሚበዛበት ሰሜናዊ የከተማው ክፍል ሊዛወር ሲነሳ የአካባቢው ነዋሪዎች ተቃወሙት። የቺካጎን አሰፋፈር የሚያውቅ ሰው፣ ደቡቡ በአብዛኛው የጥቁሮች፣ ሰሜኑ በአብዛኛው የነጮች እንደሆነ አይጠፋውም።

ዳዊት፦ እህቴ፣ ቴሌቪዥኑን ዘለልሽው። በ1992 የጥቁር ኮሜዲያን ትርኢት የሆነው «ዴፍ ኮሜዲ ጃም» በኤችቢኦ ቴሌቪዥን ጀመረ። ትናንት በትንሽ ክፍያ ይመጣ የነበረ ኮሜዲያን በአንድ ምሽት አገር አወቀው። ስሙ ሲገን ክፍያውም አብሮ ናረ፤ የክበቡ ወንበር ግን አልጨመረም። በ1997 በርኒ ማክ፣ ሃርቪና ሌላው ኮሜዲያን ሴድሪክ አብረው እየዞሩ ማሳየት ሲጀምሩ የሞሉት ትላልቅ የስፖርት አዳራሾችን ነው። አሳድጎ የሰጠውን ሰው ማስመለስ የማይችል ቤት በምን ይኖራል?

ትዕግሥት፦ እውነት ነው፣ ግን ጊዜውን አስተውል። በ1980ዎቹ እንደ አሸን የፈሉት የኮሜዲ ክበቦች በመላ አሜሪካ መዘጋት በጀመሩበት ወቅት ነው ይህ ቤት የተከፈተው። የጥቁር ተመልካች ሌላ ቦታ እምብዛም ስላልነበረው ሞላው። ኮከቦቹ ሲሄዱም አዳዲሶች ይመጡ ነበር፤ ኮሜዲያኑ ዲኦን ኮል ከዚያው ከቺካጎ የወጣ ነው።

ሐና፦ ነዋሪ ስለ ሌሊት ጩኸትና ስለ መኪና ማቆሚያ የመጠየቅ መብት የለውም ማለት ነው? እኔም የምኖረው ከመጠጥ ቤት ፎቅ ላይ ስለሆነ ነው የምጠይቀው።

ትዕግሥት፦ አለው፣ ሐናዬ። መብቱ ግን ለሁሉም እኩል ይሥራ። በዚያው በሰሜኑ በኩል፣ በዌልስ ጎዳና፣ «ሰከንድ ሲቲ» የተባለው የኮሜዲ ቲያትር ከ1959፣ «ዜኒስ» የተባለው የኮሜዲ ክበብ ከ1978 ጀምሮ ያስቃሉ። የእነርሱ ተመልካች በእግሩ ነው የሚመጣው?

ዳዊት፦ እነርሱ ቀድመው የገቡ ናቸው። ነባሩን የለመደ ሰፈር አዲስ የሚመጣውን መቃወሙ የትም ያለ ነው፤ ዘር ብቻ አይደለም።

ትዕግሥት፦ ቀድሞ የመግባቱን ዕድልስ ማን አገኘ? በ1959 አንድ ጥቁር ነጋዴ በዌልስ ጎዳና ቲያትር ልክፈት ቢል ማን ያከራየው ነበር? መጀመሪያ ይህን መልስልኝ፣ ከዚያ ስለ ቴሌቪዥኑ እንነጋገራለን።