በለንደን የሚታየው የመቅደላ ዘውድ የጥበብ ሥራ ነው ወይስ ንዋየ ቅድሳት?

አወያይ፦ እንግሊዞች በ1868 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከመቅደላ የወሰዱት የወርቅ ዘውድ በለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። በ2018 የሙዚየሙ ዳይሬክተር የመቅደላ ቅርሶች በረጅም ጊዜ ውሰት ወደ ኢትዮጵያ ሊሄዱ እንደሚችሉ ተናግረው ነበር። ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፣ ዘውዱን «የጥበብ ሥራ» ብሎ ለእይታ ማቅረብ በራሱ ተገቢ ነው ወይ የሚል ነው።

የፍልስፍና መምህር፦ ችግሩ ከመስታወት ሣጥኑ ይቀድማል። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት በ1790 ስለ ውበት ሲጽፍ የቤተ መንግሥት ምሳሌ ያነሣል፤ ሕንፃው ያምራል ወይ ተብሎ የተጠየቀ ሰው፣ መሳፍንቱ የሕዝብን ላብ ለከንቱ ነገር አፈሰሱ ብሎ ቢወቅስ፣ ወቀሳው እውነት ሊሆን ቢችልም ጥያቄው ግን ስለዚያ አልነበረም ይላል። ዕቃን ከተሠራበት ዓላማና ከባለቤቱ ነጥሎ ማየት እንደ ንጹሕ እይታ የተቆጠረው በዚህ ዓይነቱ አስተሳሰብ ነው። ዘውዱ ግን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለጎንደር ቤተ ክርስቲያን የተበረከተ እንደሆነ ይታመናል።

ሠዓሊ፦ በዚህ አልስማማም። በዘውዱ ላይ የተቀረጹትን ሐዋርያትና አራቱን ወንጌላውያን ልብ ብሎ ያየ ሰው፣ አንጥረኛው ለዓይን አልተጨነቀም ሊል አይችልም። የውበትን ነገር ለአውሮፓ ፈላስፎች ብቻ መስጠት የራሳችንን ባለሙያ ማሳነስ ነው። ካንትም ቢሆን ሁለቱን ጥያቄዎች ለያቸው እንጂ ሁለተኛውን አልከለከለም፤ ዘውዱ ያምራል፣ ይመለስም የሚል ሰው ከራሱ ጋር አይጣላም።

የፍልስፍና መምህር፦ አይጣላም፤ ነገር ግን ፍልስፍናውም በካንት አልቆመም። በ1964 አሜሪካዊው ፈላስፋ አርተር ዳንቶ፣ ሠዓሊው አንዲ ዋርሆል ብሪሎ የተባለ የዕቃ ማጠቢያ ማሸጊያ ካርቶን አስመስሎ የሠራቸውን የእንጨት ሣጥኖች ካየ በኋላ፣ ከሱቁ ካርቶን በመልክ የማይለየውን ነገር ጥበብ የሚያደርገው ዓይን የሚያየው ሳይሆን በዙሪያው ያለው ታሪክና ንድፈ ሐሳብ ነው ብሎ ተከራክሯል። ይህን የተቀበለ ሰው መቅደላን ከመግለጫው ግርጌ የምትቀመጥ ተጨማሪ መረጃ አድርጎ ማየቱ ይከብደዋል፤ የዘውዱ ማንነት አካል ናትና።

ዲያቆን፦ ስለ ታቦታቱስ ምን ትላላችሁ? የብሪቲሽ ሙዚየም የያዛቸውን 11 ታቦታት ለእይታ አያቀርብም፤ የራሱ ባለሙያዎች እንኳ እንዲያዩአቸው አይፈቀድም። ለዓይን የማይቀርበውን ነገር በየትኛው የውበት ፍልስፍና ይዘውት ይኖራሉ?

ሠዓሊ፦ የያዙት በፍልስፍና ሳይሆን በሕግ ነው፤ በ1963 የወጣው የሙዚየሙ ሕግ፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ ከስብስቡ አንድም ዕቃ አሳልፎ መስጠትን ይከለክላል። እኔ የተከራከርኩት ስለ ዘውዱ ነው፤ ለታቦት አይሠራም።