ከተረከዜ በላይ ያለው ሕመም፦ ማሸት ወይስ ማረፍ?

የማለዳ ሯጭ፦
ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 41 ነው። ለታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ስዘጋጅ ከቆየሁበት አስፋልት ከሦስት ሳምንት በፊት ወደ እንጦጦ ዳገት ተዛወርኩ። ከዚያ ወዲህ ቀኝ እግሬን ከባቴ በታች፣ ከተረከዜ ሦስት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ያመኛል። ከአልጋ ስወርድ የመጀመሪያዎቹን አሥር እርምጃዎች አነክሳለሁ፤ ሩጫ ስጀምርም ይሰማኛል፣ ሰውነቴ ሲሞቅ ይተወኛል፣ በማግስቱ ጠዋት ግን ብሶ ይጠብቀኛል። ጎረቤቴ «ቋንጃህ ነው፣ ወጌሻ ይሽህ» ይላል። ማሸት ይሻለኛል ወይስ ማረፍ?

ፊዚዮቴራፒስቱ፦
ቋንጃ የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። አንዳንዱ ከጉልበት በስተጀርባ ወደ ጭን የሚወጡትን ጅማቶች፣ ሌላው ከተረከዝ በላይ ያለውን ወፍራም ጅማት ይልበታል፤ ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ስሙን ትተው ቦታውን በጣትዎ ያሳዩ። የጭን የኋላ ጡንቻ ቢሆን ኖሮ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው በፍጥነት ሲሮጡ፣ ወደ ፊት የተወረወረው እግር መሬት ሊነካ ሲል ነበር፤ ያኔ ጡንቻው እየተለጠጠ ቅልጥሙን ይገታልና። እሱ በድንገት ቀጨም አድርጎ ይይዛል እንጂ እንደ እርስዎ ቀስ በቀስ አይመጣም።

የገለጹት የአኪለስ ጅማት ሕመም ይመስላል። ሁለቱ ትልልቅ የባት ጡንቻዎች በዚህ ጅማት ከተረከዝ ጋር ይያያዛሉ። ላይኛው ባለ ሁለት ራስ ሲሆን ከጉልበት በላይ፣ ከጭን አጥንት ይነሣል፤ ከሥሩ ያለው ሶሌየስ ግን ከጉልበት በታች ስለሚነሣ፣ ጉልበት ሲታጠፍ ላይኛው ይላላና ሥራው ወደ ሶሌየስ ይዞራል። ዳገት ላይ ደግሞ ቁርጭምጭሚት ይበልጥ ስለሚታጠፍ ጅማቱ ከለመደው በላይ ተለጥጦ ይሠራል።

ማረፍ ብቻውን ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ ጅማቱን አያጠነክረውም፤ የታመመውን ቦታ አጥብቆ ማሸትን አልመክርም። ዳገቱን ትተው በደረጃ ጫፍ ላይ በእግርዎ ፊት ይቁሙ፤ በሁለቱም እግር ተነሥተው በታመመው ብቻ ተረከዝዎን ቀስ አድርገው ከደረጃው በታች ያውርዱ። ጉልበት ቀጥ አድርገው 15 ጊዜ በ3 ዙር፣ አጠፍ አድርገውም እንዲሁ፤ ጠዋትና ማታ፣ ለ12 ሳምንት። ሕመሙ ተረከዝ አጥንቱ ላይ ከሆነ ግን ከደረጃው ልክ በታች አይውረዱ።

የቀድሞ ተከላካይ፦
የእኔ ጅማት ኳስ ስጫወት ነው የተበጠሰው። ከኋላ የረገጡኝ መስሎኝ ልጣላ ዞር ብል ማንም አልነበረም። እግሬን ማንቀሳቀስ ስለቻልኩ ወለምታ ነው ተብሎ ሁለት ሳምንት ታሸሁ፤ ለካ ሌሎች ጡንቻዎች እግርን በመጠኑ ሊያንቀሳቅሱት ይችላሉ። ሐኪሙ በሆዴ አስተኝቶ፣ እግሬ ከአልጋው ጫፍ እንደተንጠለጠለ፣ ባቴን ጨመቀው፤ በጤነኛው በኩል የእግሬ ፊት ወደ ታች ሲሄድ በሌላው ንቅንቅ አላለም። እንዲህ ከሆነ ጅማቱ ተበጥሷል ማለት ነው።

አንድ ጥያቄም አለኝ፤ በቅርቡ ለታይፎይድ ወይም ለሌላ ኢንፌክሽን ሲፕሮፍሎክሳሲን ወስደዋል? መድኃኒቱ ጅማትን ሊጎዳ፣ አልፎ አልፎም ሊያስበጥስ ይችላል፤ ጉዳቱ መድኃኒቱ ካለቀ ከሳምንታት በኋላም ሊታይ ይችላል።

የማለዳ ሯጭ፦
ባቴን ባለቤቴ ጨምቃልኝ ሁለቱም እግሮቼ እኩል ተንቀሳቅሰዋል። ሲፕሮውን ግን ባለፈው ወር ለ7 ቀን ወስጄ ነበር፤ ከእግሬ ጋር ይገናኛል ብዬ አላሰብኩም።

ፊዚዮቴራፒስቱ፦
ይህን ከልምምዱ በፊት መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ሐኪም እስኪያይዎ ድረስ ደረጃውንም ሩጫውንም ያቁሙ፤ የክኒኑን ስምና የወሰዱበትን ቀን ጽፈው ይሂዱ።